የትኛው ምድብ ይከብዳል? የሊግ ምድቦች ጥንካሬ የሚመዘንበት መንገድ

ጎንደር፦ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው አምባ ጊዮርጊስም ኾነ በሌሎች ከተሞች፣ የእግር ኳስ ወዳጆች ሲገናኙ "የእኛ ምድብ ይከብዳል" የሚለው ሙግት የተለመደ ነው። ጉዳዩ ግን ከጨዋታ ያለፈ ነው። ከከፍተኛ ሊግ ወደ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የሚያስገባው በር ጠባብ በመኾኑ፣ የምድብ ድልድል የአንድን ከተማ ክለብ የዓመት ልፋት ሊወስን ይችላል።

ፋሲል ከነማ በዚሁ በር ያለፈ ክለብ ነው። በ2008 ዓ.ም ከከፍተኛ ሊግ አደገ፤ በ2011 ዓ.ም ዋንጫውን በአንድ ነጥብ ልዩነት አጣ፤ በ2013 ዓ.ም ደግሞ የፕሪሚየር ሊጉ ሻምፒዮን ኾነ።

ምድቦችን በነጥብ ሠንጠረዥ ብቻ ማነጻጸር ያሳስታል። በአንድ ምድብ ውስጥ አንዱ ሲያሸንፍ ሌላው ይሸነፋል። ምድቡ ብርቱም ይኹን ደካማ የድሎች ድምር ከሽንፈቶች ድምር ጋር ምንጊዜም እኩል ነው። የክለቦች ነጥብ መቀራረብም ተመጣጣኝነታቸውን እንጂ ጥንካሬያቸውን አያሳይም።

የተሻሉት ሚዛኖች ሁለት ናቸው። አንደኛው የተለያዩ ምድቦች ክለቦች ፊት ለፊት የሚገናኙበት ጨዋታ ሲኾን፣ ሁለተኛው ያደጉት ክለቦች በቀጣዩ ዓመት የሚያስመዘግቡት ውጤት ነው።

የ2010 ዓ.ም ከፍተኛ ሊግ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ውድድሩ በሁለት ምድብ ተካሂዶ ባሕር ዳር ከተማ ከአንዱ፣ ደቡብ ፖሊስ ከሌላው ምድብ በቀዳሚነት አደጉ። ሁለተኛ የወጡት ሽረ እንዳሥላሴ እና ጅማ አባ ቡና ባደረጉት የመለያ ጨዋታ ሽረ አሸንፎ ሦስተኛው አዳጊ ኾነ። በ2011 ዓ.ም ከአንድ ምድብ የመጡት ባሕር ዳር እና ሽረ በፕሪሚየር ሊጉ ሲቆዩ፣ ደቡብ ፖሊስ ወደ መጣበት ተመለሰ። ሁለቱም ሚዛኖች ወደ አንድ ምድብ አጋደሉ ማለት ነው።

በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ንጽጽሩ ይቀላል። 32ቱ ቡድኖች አራት አራት ኾነው በስምንት ምድብ ተደልድለዋል። እያንዳንዱ ቡድን በመደበኛው ውድድር ከሚያደርጋቸው 17 ጨዋታዎች 11ዱን ከምድቡ ውጭ ካሉ ቡድኖች ጋር ያደርጋል። የአንድ ምድብ ክብደት የሚታወቀውም በእነዚህ ጨዋታዎች ድምር ውጤት ነው።

ይኹንና ደካማ ምድብ ሁሉ ደካማ ቡድን ያወጣል ማለት አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ የውድድር ዘመን ሲያትል ሲሃውክስ ሰባት ጊዜ አሸንፎ ዘጠኝ ጊዜ ተሸንፎ እንኳ የምድቡ መሪ ኾኖ ነበር። በጥሎ ማለፉ ግን የወቅቱን ሻምፒዮን ኒው ኦርሊንስ ሴንትስን 41 ለ 36 ረታ።

ስለኾነም የምድብ ክብደት ሙግት ሲነሣ መጠየቅ ያለበት መሪው ስንት ነጥብ አለው ሳይኾን፣ ከምድቡ ውጭ ማንን አሸነፈ የሚለው ነው። የአንድ ዓመት ውጤት ፍንጭ ይሰጣል፤ ፍርድ የሚሰጠው ግን የብዙ ዓመታት ውጤት ተደምሮ ነው።