ለታዳጊ አንባቢ የሥዕል ልቦለድ ስንመርጥ

ኮሚክን ወይም የሥዕል ልቦለድን ለታዳጊዎች የሚመክሩ መምህራንና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ብዙውን ጊዜ ንግግራቸውን በይቅርታ ይጀምራሉ። «ማንበብ የማይወድ ልጅ በዚህ ይጀምር፤ ውሎ አድሮ ወደ ደህናው መጽሐፍ ይሻገራል» ይላሉ። አባባሉ በቅን ልቦና የተነገረ ቢሆንም የሥዕል ልቦለዱን ከመጽሐፍ ማዕረግ ያወርደዋል፤ መጽሐፉ የሚሰጠውንም ልጅ ሰነፍ አንባቢ መሆኑን በዘወርዋራ ይነግረዋል። የዚህ መጣጥፍ አቋም ከዚህ ይለያል። የሥዕል ልቦለድ ሊመዘን የሚገባው ቃል ብቻውን የማይችለውን ምን ያህል በሥዕል ተርኳል በሚለው ነው።

ይቅርታው ከየት እንደመጣ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1954 የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ፍሬድሪክ ወርተም አሜሪካ ውስጥ ባሳተሙት መጽሐፍ ኮሚክ ልጆችን ለወንጀል ይዳርጋል ብለው ከሰሱ። ጉዳዩ በዚያው ዓመት በሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ታየ፤ የተደናገጡት አሳታሚዎችም ራሳቸውን የሚቆጣጠሩበት ጥብቅ ደንብ አወጡ። የሐኪሙ ማስረጃ ግን ሲመረመር አልጸናም። ካሮል ቲሊ የተባሉ የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ ተመራማሪ የወርተምን የግል ሰነዶች አገላብጠው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ሐኪሙ በማስረጃነት የጠቀሱት የልጆች ቃል እየተቆራረጠና እየተለወጠ መቅረቡን አሳይተዋል። ኮሚክ ለቁም ነገር እንደሚበቃም ቶሎ ታይቷል፤ ውግዘቱ ገና ትኩስ በነበረበት በ1957 ስለ ማርቲን ሉተር ኪንግና ስለ ሞንትጎመሪ የአውቶቡስ አድማ የሚተርክ የ10 ሳንቲም ኮሚክ ታትሞ ነበር። በወጣትነታቸው ካነበቡት አንዱ በኋላ የሲቪል መብት ታጋይ የሆኑት ጆን ሉዊስ ናቸው። ከብዙ ዓሠርት ዓመታት በኋላ የምክር ቤት አባል ሆነው ከአንድሩ አይዲንና ከሠዓሊው ኔት ፓወል ጋር የጻፉት ባለ ሦስት ቅጽ የሕይወት ታሪካቸውም ኮሚክ ነው። ሦስተኛው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት አግኝቷል።

ሥዕሉ ይተርካል ስንል ምን ማለታችን ነው? ስኮት ማክላውድ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት፣ ራሱም በኮሚክ መልክ በተሠራ የንድፈ ሐሳብ መጽሐፋቸው፣ የትረካው ቁልፍ በሁለት ሳጥኖች መካከል ያለው ባዶ ቦታ መሆኑን ያስረዳሉ። በአንዱ ሳጥን መጥረቢያ ይነሣል፤ በሚቀጥለው ከከተማው ሰማይ ላይ ጩኸት ይሰማል። መካከል ላይ ያለውን ግድያ የሚፈጽመው አንባቢው ነው። የሥዕል ንባብ ስንፍና አይደለም የምንለው ለዚህ ነው።

ኢትዮጵያዊ አንባቢም ለዚህ ጥበብ ባዕድ አይደለም። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በተርታ ሳጥኖች፣ ብዙ ጊዜ በ44፣ የሚተርከው ባህላዊ ሥዕል በየሳጥኑ አጭር የአማርኛ ጽሑፍ አለው፤ በቅደም ተከተል ካልታየም ታሪኩ አይገባም። በዘጌ የኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳዎች ላይም ምእመኑ ፊደል ሳይቆጥር የቅዱሳንን ገድል በሥዕል ይከታተላል። በዚህ ትውፊት ጻድቁ ሁለት ዓይኖቹ እየታዩ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ክፉው ግን በአመዛኙ በጎን፣ በአንድ ዓይኑ ነው የሚታየው። ይህን የሚያውቅ ሕፃን ሥዕል ማንበብ ጀምሯል ማለት ነው። ስለዚህ ኮሚክን የምዕራባውያን መጤ ልማድ አድርገው የሚያጣጥሉትን ወገኖች ለመቀበል እቸገራለሁ።

መመዘኛውን በሁለት ሥራዎች እንፈትሽ። ሲሲ ቤል «ኤል ዲፎ» በተሰኘው መጽሐፋቸው (2014) መስማት የተሳናት ልጅ ሆነው ያደጉበትን ጊዜ ይተርካሉ። የማዳመጫ መሣሪያዋ ባትሪ ሲደክም በንግግር ፊኛው ውስጥ ያሉት ፊደላት እየደበዘዙ ሄደው ይጠፋሉ። ዝምታውን አንባቢው በዓይኑ ያየዋል፤ ይህን በዝርው ጽሑፍ ለመግለጽ ገጾች ይፈጃሉ። ከዚህም የሚበልጥብኝ ቪክቶሪያ ጄሚሰንና ዑመር መሐመድ በ2020 ያሳተሙት «ከዋክብት ሲበተኑ» ነው። የመጽሐፉ ባለታሪክ የሆነው ይኸው ዑመር ከሶማሊያ ሸሽቶ ኬንያ ውስጥ በዳዳብ የስደተኞች ጣቢያ ያደገው ከታናሽ ወንድሙ ከሐሰን ጋር ነው። ከሐሰን አፍ የሚወጣው «ሆዮ»፣ ማለትም እናቴ፣ የሚለው ቃል ብቻ ነው። በዝርው ጽሑፍ ቢሆን ይህ ልጅ ሌሎች የሚያወሩለት ዝምተኛ ሆኖ በቀረ ነበር፤ እዚህ ግን ደስታው፣ ቁጣው፣ ፍርሃቱ በየገጹ ፊቱ ላይ ይነበባል። ዑመር ትምህርት ቤት ለመግባት ወንድሙን ለሌላ ሰው መተው ሲኖርበት፣ የሚከፈለውን ዋጋ አንባቢው ከሐሰን ፊት ይረዳል።

ሥዕልን ለምርጫ የሚያበቃው ኃይል ጥንቃቄም ይጠይቃል። ቃል የልጅ አእምሮ በሚችለው መጠን ይሣላል፤ የታተመ ሥዕል ግን አንዴ ከታየ ታየ ነው። የአርት ስፒገልማን «ማውስ»፣ የናዚን ጭፍጨፋ የሚተርከውና በ1992 የፑሊትዘር ልዩ ሽልማት ያገኘው ሥራ፣ በጥር 2022 በቴነሲ የአንድ ወረዳ የትምህርት ቦርድ ከስምንተኛ ክፍል ትምህርት አስወጥቶታል። የቦርዱ ምክንያት ስድብና የእርቃን ሥዕል ነበር። ውሳኔው ስህተት ነው ባይ ነኝ፤ የ14 ዓመት ተማሪ መምህሩ አብሮት ካነበበ ይህን መጽሐፍ ይችለዋል። በአንጻሩ የሠዓሊው የራይንሃርድ ክላይስት የሥዕል መጽሐፍ ብዙ ያሳስበኛል። ታሪኩ በቤጂንግ ኦሎምፒክ 200 ሜትር የሮጠችው የሶማሊያዋ ሯጭ የሳሚያ ዩሱፍ ዑመር ነው። ሳሚያ አሠልጣኝ ፍለጋ አዲስ አበባ መጥታ፣ በሱዳንና በሊቢያ በኩል ወደ አውሮፓ ስትሻገር በ2012 ባሕር ውስጥ ሰጥማ ሞተች። የስደትን መንገድ ቤተሰቡ የሄደበት ልጅ ይህን መጽሐፍ ብቻውን ባያነብ ይሻላል።

በአማርኛ ምርጫው ጠባብ ነው። የበሰራት ደበበ የልዕለ ጀግና ኮሚክ «ጀምበር» በአማርኛም በእንግሊዝኛም መውጣቱ በውጭ ለሚያድጉ ልጆች ይጠቅማል፤ ቋንቋውን እየሰሙ ፊደሉ የሚከብዳቸው ልጆች የጎደላቸውን ከሥዕሉ ይሞላሉ። የልዕለ ጀግና ቅርጹ አሜሪካዊ መሆኑ ግን አይካድም፤ የራሳችንን የሳጥን ትረካ ይዞ የሚነሣ ሠዓሊ ቢመጣ እመርጣለሁ።

ለ11 ዓመት ልጁ አንድ ብቻ እንድመርጥለት የሚጠይቀኝ ወላጅ ቢኖር የዑመርና የሐሰንን ታሪክ እሰጠዋለሁ። የሳሚያን ግን መጀመሪያ ለራሱ ነው የምሰጠው፤ ለልጁ ይሁን አይሁን ካነበበ በኋላ ይወስን።