ለብቻው ተፈትኖ ያለፈው መሣሪያ

ግንቦት 27 ቀን 1988 ዓ.ም. አርያን 5 የተባለችው የአውሮፓ ሮኬት በፈረንሳይ ጉያና ከምትገኘው ኩሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወንጭፋ 40 ሰከንድ ገደማ እንደ በረረች ተሰባበረች። የአቅጣጫ መሣሪያዋ ፕሮግራም በአርያን 4 ያለ እንከን ያገለገለ ነበር፤ አዲሲቱ ግን ወደ ጎን ይበልጥ ስለምትፈጥን፣ ከ16 ቢት ሥፍራ የሚተርፍ ቁጥር መጥቶ መሣሪያውን አቆመው። መጠባበቂያውም በዚያው ፕሮግራም ይሠራ ስለ ነበር ቀድሞ ቆሟል። የሚያስቆጨው ግን፣ ስሌቱ ሮኬቷ ከተነሣች በኋላ ለምንም የማይፈለግ መሆኑ ነው።

በዣክ ሉዊ ሊዮንስ የተመራው የምርመራ ጉባኤ እንዳረጋገጠው፣ መሣሪያው ለብቻው ተፈትኖ አልፏል ተብሎ በጠቅላላው የቅንጅት ፈተና ጊዜ አስመሳይ ፕሮግራም ተተክቶለት ነበር። እውነተኛው መሣሪያ የአዲሲቱን ጉዞ የሚመስል ምልክት እየተሰጠው ቢፈተን ኖሮ ስሕተቱ በምድር ላይ በተገለጠ ነበር።