ተማሪዋ በዛች፣ መምህርቷስ?

ባለፈው ወር ስብሰባችን፣ ማኅበራችን የደብተርና የትራንስፖርት እየሰጠ ያስተማራት የአንዲት አባላችን ልጅ መጥታ ነበር። ቡና እየተጠጣ «በአራት ዓመት ውስጥ ያስተማረችኝ ሴት አንዲት ብቻ ናት» አለችን። በክፍሏ ግን ሲሶው ሴት ነበር። ከየት የመጣ ነገር ይሆን ብለን ወደ ኋላ አየን።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ተማሪው ኢትዮጵያዊ፣ መምህሩ በአብዛኛው የውጭ ሰው ነበር። ኮሌጁን የሚመሩትም ካናዳዊው ካህን ሉሲየን ማት ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ፤ ብዙም ሳይቆይ ልጅ ካሳ ወልደማርያም ፕሬዚዳንት ሆኑ። ጥሩ ውጤት ያላቸው ምሩቃን ውጭ አገር እየተላኩ፣ ከፍ ያለ ዲግሪ ይዘው እየተመለሱ በፈረንጆቹ ቦታ ገቡ። ይህ በራሱ የሆነ አይደለም፤ ታስቦበትና ገንዘብ ወጥቶበት ነው። የተላኩት ግን ከሞላ ጎደል ወንዶች ነበሩ። ሴት ተማሪዎች በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ ብዙ ሰው አልገረመውም።

ኋላ መግቢያው ሰፋ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ለሴቶች ልዩ ድጋፍ እንዲደረግ ደነገገ፤ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብም ለሴቶች ዝቅ ይደረግ ጀመር። ዛሬ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሲሶና ከዚያ በላይ ሴቶች ናቸው። በመምህራኑ ዘንድ ድርሻቸው የዚያን ግማሽ ያህል ቢሆን ነው።

ድጋፉ በሩ ላይ ቀረ። መምህር የሚሆነው በውጤቱ ተመርጦ በረዳትነት የተቀጠረው ነው፤ ቀጥሎ ሁለተኛ ዲግሪ፣ ከዚያም ሦስተኛ፣ ብዙ ጊዜ ከቤት ርቆ። እነዚያ ዓመታት ደግሞ የማግቢያና የመውለጃ ዓመታት ናቸው። ወንዱ ሚስቱን ከልጅ ጋር ትቶ ይሄዳል። እሷስ ለማን ትታ?

የእኛም ሣጥን (ይህን ማመን ከበደን) ያው ነው የሠራው። እስክትመረቅ ከፈልን፤ ስትመረቅ እልል ብለን ሸኘን።

ያቺ ልጅ ዛሬ በረዳትነት ተቀጥራለች፤ ሌላ ከተማ የሁለተኛ ዲግሪ ዕድል አግኝታለች። የስምንት ወር ልጅ አላት። እናቷ ጉልት ስለሚውሉ ሕፃኑን መያዝ አይችሉም። «ደመወዝ ላላት ከእኛ ሣጥን?» ያሉ አባላት አሉ፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። የሞግዚቱን ክፍያ ለሁለት ዓመት እንሸፍን ወይስ አንሸፍን የሚለው በሚቀጥለው ስብሰባ በድምፅ ይወሰናል። ደጋፊዎቻችንም ከዚያ በፊት ሐሳባችሁን ላኩልን።