ከቤት ውጭ የሚተከል የሞባይል ኢንተርኔት ራውተር

በሲም ካርድ ከሞባይል ኔትወርክ ጋር እየተገናኘ፣ የመስመር ኢንተርኔት ላልደረሰባቸው እርሻዎች፣ የግንባታ ቦታዎችና ጤና ኬላዎች ኢንተርኔት የሚያከፋፍል፣ ዝናብና ፀሐይ እንዲችል ሆኖ የተሠራ መሣሪያ ነው።

ሲግናል፦ ከግዢ በፊት ሲግናሉ በቦታው ላይ ይለካል። በ4ጂ ኔትወርክ ልኬቱ በዲቢኤም ይገለጻል፤ -80 አካባቢ ጥሩ፣ ከ-110 በታች ደካማ ነው። ከ700 እስከ 900 ሜጋኸርዝ ያሉ ፍሪኩዌንሲዎች ከከፍተኛዎቹ ይልቅ ሩቅ ይደርሳሉ። ራውተሩ የአካባቢው ኦፕሬተር በሚጠቀምባቸው የፍሪኩዌንሲ ባንዶች መሥራቱ መረጋገጥ አለበት።

አንቴና፦ የሞባይል ኔትወርኩ ማማ ሩቅ ከሆነ ወደ እሱ የሚዞር ባለአቅጣጫ አንቴና፣ ለተሽከርካሪ ደግሞ ከዙሪያው ሁሉ የሚቀበል አንቴና ይመረጣል። የአንቴና ኬብል በረዘመ ቁጥር ሲግናል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ራውተሩን ራሱን ምሰሶ ላይ ሰቅሎ ኃይልንም ዳታንም በአንድ የኢተርኔት ኬብል ማድረስ ይሻላል። የኢተርኔት ኬብሉ የርዝመት ወሰን 100 ሜትር ነው። ውሃ ተከትሎት እንዳይገባ፣ ኬብሉ ሣጥኑ ጋ ሲደርስ ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ከሥር ይገባል።

ጥበቃና ኃይል፦ የአይፒ67 ደረጃ ያለው ሣጥን አቧራ አያስገባም፤ 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥም 30 ደቂቃ ይቋቋማል። 10 ዋት የሚወስድ ራውተር በቀን 240 ዋት-ሰዓት ይፈልጋል፤ የሶላር ባትሪው ደመናማ ቀናትንም ታሳቢ ማድረግ አለበት። መብረቅ በሚበዛበት ደጋ የመሬት ሽቦና የመብረቅ መከላከያ በምንም ምክንያት ሊታለፉ አይገባም።