ኤትሪያል ፊብሪሌሽን

ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ሁለቱ የላይኛው የልብ ክፍሎች በሥርዓት መኮማተራቸውን ትተው በፍጥነት የሚርገበገቡበት የልብ ምት መዛባት ነው። የጤናማ አዋቂ ልብ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። በዚህ ሕመም ግን የላይኞቹ ክፍሎች በደቂቃ ከ300 ጊዜ በላይ ይርገበገባሉ። ወደ ታችኞቹ ክፍሎች የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ምልክት ከፊሉ ብቻ ስለሆነ የደም ሥር ትርታው ወጥነት ያጣል።

መንስኤዎች

የዕድሜ መግፋት፣ የደም ግፊት፣ የልብ ድካም፣ የእንቅርት ሆርሞን መብዛትና አልኮል አብዝቶ መጠጣት ለሕመሙ ያጋልጣሉ። በበለጸጉ አገሮች በአብዛኛው የሚታየው በአረጋውያን ላይ ነው። በኢትዮጵያ ግን ወጣቶችንም ይይዛል፤ ዋናው ምክንያት የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ይህ ሕመም በልጅነት ጊዜ ከሚከሰት፣ በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ ከሚመጣና ካልታከመ የቶንሲል ሕመም ይጀምራል። ከዓመታት በኋላ በግራ በኩል ያለው ሚትራል ቫልቭ ሲጠብ ከበላዩ ያለው ክፍል በተጠራቀመው ደም ይለጠጣል፣ ምቱም ይዛባል።

ምልክቶችና አደጋው

ልብ ትር ትር ማለት፣ ድካም፣ የትንፋሽ ማጠርና ማዞር የተለመዱ ናቸው፤ ምንም ምልክት የማይሰማቸውም አሉ። ትልቁ አደጋ ስትሮክ ነው። በሚርገበገበው ክፍል ውስጥ የቆመ ደም ይረጋል፣ የረጋው ደም ወደ አንጎል ሄዶ የደም ሥር ይዘጋል። ሕመሙ የስትሮክን ዕድል 5 እጥፍ ገደማ ያሳድጋል፤ የቫልቭ ጥበት ካለ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። የፊት በአንድ ጎን መጣመም፣ የእጅ ወይም የእግር በድንገት መዛልና የአንደበት መተሳሰር ወዲያው ሆስፒታል ያስኬዳሉ።

ምርመራና ሕክምና

ሕመሙ በኤሌክትሮካርዲዮግራም ይረጋገጣል፤ የቫልቩ ሁኔታ በልብ አልትራሳውንድ ይታያል። የምቱን ፍጥነት ለመቀነስ ቤታ ብሎከር ወይም ዲጎክሲን ይሰጣል። ምቱን ወደ ቦታው ለመመለስ መድኃኒት፣ የኤሌክትሪክ ንዝረት ወይም አብሌሽን ይሠራል።

ስትሮክን ለመከላከል ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ፣ በተለምዶ «ደም ማቅጠኛ» የሚባሉ መድኃኒቶች ይታዘዛሉ። አዳዲሶቹ ተከታታይ የደም ምርመራ ባይጠይቁም፣ የሚትራል ቫልቭ ጥበት ላለባቸው ተመራጩ አሁንም ዋርፋሪን ነው። መጠኑ የሚስተካከለው አይኤንአር በተባለ የደም ምርመራ ሲሆን፣ ውጤቱ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። በጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ኃይል ስለሚቀንስ፣ በጾም ወቅት ጎመን በድንገት ማብዛት ውጤቱን ያዛባል። ጎመን መተው አያስፈልግም፤ መጠኑን ግን ዓመቱን ሙሉ ተመሳሳይ ማድረግ ይገባል። ዋርፋሪን ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል እርግዝና ያሰበች ሴት አስቀድማ ሐኪም ማማከር አለባት።

መከላከል

የባክቴሪያ ቶንሲልን በፔኒሲሊን ማከም መነሻውን ይዘጋል፤ እንጥል ማስቆረጥ ግን ባክቴሪያውን አያጠፋም። የሩማቲክ የልብ ሕመም የያዛቸው ልጆች በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ይወስዳሉ። ቫልቩ ከተጎዳ በኋላ መፍትሔው ጥበቱን በፊኛ ማስፋት ወይም ቀዶ ሕክምና ነው። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል እንዲህ ያለውን ሕክምና ከሚሰጡት አንዱ ነው።