«ሲሉ ሰማሁ» በችሎት ፊት

ስድስት ኪሎ አደባባይ መሀል የቆመውን የሰማዕታት ሐውልት ሁላችንም እናውቀዋለን። ታክሲ ስንጠብቅ፣ ልጅ ይዘን አንበሳ ግቢ ስንሄድ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው ስንገባ አጠገቡ እናልፋለን። ዛሬ ከዚያ ሐውልት ተነስቼ አንድ የሕግ ጥያቄ ላንሳ። አንድ ሰው በዓይኑ ያላየውን፣ ከሌላ ሰው የሰማውን ይዞ ፍርድ ቤት ቢቆም፣ በዚያ ቃል ተከሳሽ ሊቀጣ ይገባል? የሕግ ሰዎች «የስሚ ስሚ ማስረጃ» የሚሉት ይህንን ነው።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ የኢጣሊያ አልጋ ወራሽ ልጅ መወለዱን ምክንያት አድርጎ ለድሆች ምጽዋት ሊሰጥ ሕዝቡን ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሰበሰበ። ግቢው ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ፤ ግራዚያኒ ቆሰለ። ቀጥሎ ባሉት ሦስት ቀናት በከተማዋ ላይ የወረደውን ግፍ መድገም አያስፈልገኝም። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎ መዝግቧል።

እኔ ማንሳት የምፈልገው ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። ሁለቱ ወጣቶች አመለጡ፤ ተባባሪ ፍለጋው ግን ለወራት ቀጠለ። አብርሃ ከጥቃቱ በፊት ባለቤቱን ደብረ ሊባኖስ አስቀምጧት ነበር። ይህ እውነት ነው። ከዚህ አንድ እውነት ተነስቶ፣ በወሬና በጥርጣሬ እየተቀጠለ፣ ገዳሙ ሁሉ የሴራው ተካፋይ ነው የሚል መደምደሚያ ተደረሰበት። ግንቦት ላይ ግራዚያኒ የጦር ዐቃቤ ሕጉ የመነኮሳቱን ተባባሪነት የሚያረጋግጥ ማስረጃ እንዳገኘ ነገረኝ ብሎ ለጄኔራል ማሌቲ ቴሌግራም ላከ። ትእዛዙ መነኮሳቱ ያለ ልዩነት እንዲረሸኑ ነበር። ግንቦት 13 ቀን ተረሸኑ። ዲያቆናቱ ከቀናት በኋላ ተከተሏቸው።

አስተውሉ፤ «ማስረጃ» የሚለው ቃል ትእዛዙ ውስጥ አለ። የሌለው ችሎት ነው። ያንን ቃል ማን ተናገረ? ራሱ አየ ወይስ ሰማ? ከሰማስ ከማን? ሲናገር ጅራፍ ፊቱ ነበር ወይስ ሽልማት? ይህንን የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። መነኮሳቱ የከሰሳቸውን ሰው ፊት አላዩም። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» እንላለን፤ እዚህ ግን ሰሚው ተርፎ ያልሰማው ሞተ።

በዚያው ዘመን ግራዚያኒ የኢጣሊያ አገዛዝ ሊያበቃ ነው የሚል ወሬ ይነዛሉ ያላቸውን ጠንቋዮችና ተረት ነጋሪዎች እያስያዘ እንዲገደሉ አዟል። የማይመቸውን ወሬ ያወራውን በሞት ቀጣ፤ የሚመቸውን ወሬ ደግሞ ማስረጃ ብሎ ገደለበት።

ይህን ስል የእኛ የቀድሞ ሥርዓት ከዚህ የጸዳ ነበር ማለቴ አይደለም። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባለውን አስታውሱ። ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሲገደል የአካባቢው ሰው ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። እያንዳንዱ ሰው ምሎ ያየውን፣ የሰማውን፣ የጠረጠረውን ይናገራል። በስውር ለሽማግሌዎች የሚጠቁመውን ሰው በአንዳንድ ቦታ «ወፍ» ይሉት ነበር። ፖሊስ በሌለበት አገር ይህ ትልቅ ብልሃት ነው፤ ሌባ አውጥቷል። ነገር ግን ቂመኛ ጎረቤትም በወፍ አፍ መናገር ይችላል። ወፍ ደግሞ መስቀለኛ ጥያቄ አይቀርብላትም።

ከነጻነት በኋላ ያ የደም ግቢ ትምህርት ቤት ሆነ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ፤ በ1956 ዓ.ም. የሕግ ፋኩልቲው ተከፈተ። የካቲት 12 በተፈጸመበት ቅጥር ውስጥ ወጣቶች ስለ ምስክርና ስለ ማስረጃ መማር ጀመሩ። የተማሩት በ1954 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት እንግሊዛዊው ሰር ቻርልስ ማቲው ስለነበሩ፣ የምስክር አሰማሙ ሥርዓት የእንግሊዝ ሽታ አለው፦ ዋና ጥያቄ፣ መስቀለኛ ጥያቄ፣ ድጋሚ ጥያቄ።

በእንግሊዝ ሕግ የስሚ ስሚ በመሠረቱ ክልክል ሆኖ የኖረ ነው፤ የተፈቀደው ተለይቶ በሚታወቅ ሁኔታ ብቻ ነው። የእኛ ሕግ አንቀጽ 137 ግን ምስክር የሚጠየቀው «በቀጥታ ወይም በተዘዋዋሪ» ስለሚያውቀው ፍሬ ነገር ነው ይላል። ይህ «በተዘዋዋሪ» የሚለው ቃል ምን ማለት ነው? የስሚ ስሚን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? በ1950ዎቹ መጨረሻ ጥያቄውን ሊመልስ የሚችል የማስረጃ ደንብ ረቂቅ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሳይጸድቅ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ለአሥርት ዓመታት ራሱን የቻለ የማስረጃ ሕግ ሳይኖረን ኖረናል። ዳኛው በራሱ ሚዛን ሲመዝን ቆየ።

ሁሉም የሰማሁት ነገር የስሚ ስሚ እንዳልሆነም ልብ በሉ። «ከበደ ‹እገድልሃለሁ› ብሎ ሲዝትበት ሰምቻለሁ» የሚል ምስክር ዛቻው ስለመነገሩ የቀጥታ ምስክር ነው፤ በጆሮው ሰምቷልና። «ከበደ እንደገደለው አበበ ነግሮኛል» ካለ ግን የምንፈልገው ሰው አበበ ነው። አበበ የት አለ?

እዚህ ላይ ነው ልዩ ሁኔታዎች የሚያስፈልጉት። አበበ ሞቶ ቢሆንስ? የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 144 በቀዳሚ ምርመራ ቃሉን የሰጠ ምስክር ከሞተ፣ ካበደ፣ ከጠፋ፣ በጠና ከታመመ ወይም ከአገር ከወጣ፣ የተመዘገበው ቃሉ በከፍተኛ ፍርድ ቤት ሊነበብ እንደሚችል ይፈቅዳል። ምክንያታዊ ነው፤ ቃሉ ፍርድ ቤት ፊት የተመዘገበ ነውና። በሌሎች አገሮች ሊሞት መሆኑን ያወቀ ሰው ገዳዩን ጠቅሶ የተናገረው ቃል ይደመጣል። ልዩ ሁኔታ ማለት እንዲህ ያለ ነው፦ ጠባብ፣ ምክንያቱ የሚታወቅ፣ ለማመን የሚያበቃ ነገር ያለው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ግን በሩን በሰፊው ከፈተው። አንቀጽ 23 የስሚ ስሚን ተቀባይነት ያለው ማስረጃ አደረገው። የደኅንነት መረጃ ሪፖርትም ምንጩ ሳይገለጽ፣ እንዴት እንደተገኘ ሳይነገር በማስረጃነት እንዲቀርብ ፈቀደ። ቅጣቱ እስከ ሞት በሚደርስበት የወንጀል ዓይነት ላይ ነው ይህ የተፈቀደው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ደግሞ ተከሳሽ የመሰከሩበትን የመጠየቅ መብት አለው ይላል። ስሙ ያልተነገረ ምንጭ እንዴት ይጠየቃል? አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተሽሯል። ያ አንቀጽ ግን ሕግ ሆኖ አሥር ዓመት እንደቆየ መርሳት የለብንም።

አንድ ወዳጄ «የደብረ ሊባኖስን ታሪክ ራሱ ያወቅነው ሰው ከሰው እየሰማ አይደል?» ብሎ ሊሞግተኝ ይችላል። ልክ ነው። የኢጣሊያ ሰነድ መጀመሪያ የመዘገበው 297 መነኮሳትን ነበር። ኋላ ቦታው ድረስ ሄደው ያዩትንና የሰሙትን ሽማግሌዎች ያነጋገሩ ተመራማሪዎች ግን የሟቾቹን ቁጥር ከአንድ ሺህ በላይ አድርሰውታል። የታሪክ ጸሐፊ የስሚ ስሚን ሊጠቀም ይችላል፤ ከተሳሳተ ሌላ ጸሐፊ ያርመዋል። ዳኛ ተሳስቶ ያስቀጣውን ሰው ዕድሜ ግን የሚመልስ የለም።

ስለዚህ አዲስ የማስረጃ ሕግ በተወራ ቁጥር «ይህ የባለሙያዎች ጉዳይ ነው» ብለን አንለፈው። መጠየቅ ያለብን ቀላል ነገር ነው፦ የስሚ ስሚ የሚፈቀደው መቼ መቼ እንደሆነ በግልጽ ተጽፏል? ዋናው ተናጋሪ በሕይወት ካለ ለምን አልቀረበም? በስሚ ስሚ ብቻ ሰው ሊፈረድበት ይችላል?

በሚቀጥለው ጊዜ በስድስት ኪሎ ስታልፉ ሐውልቱን ቀና ብላችሁ እዩት። ከዚያ ስልካችሁን አውጥታችሁ «ከታማኝ ምንጭ እንደሰማነው» ብሎ የሚጀምረውን፣ አንድን ሰው ወይም አንድን መንደር የሚወነጅለውን መልእክት ከማጋራታችሁ በፊት «ከማን ሰማኸው?» ብላችሁ ጠይቁ። በግንቦት 1929 ይህንን የሚጠይቅ አንድ ዳኛ እንኳ አልነበረም።