ላይኛውና ታችኛው፦ ባላንጣ አገሮች ለምን «የወዳጅነት» ጨዋታ ይጫወታሉ?

ብራዚልና አርጀንቲና ለወዳጅነት ጨዋታ ሊገናኙ ነው ሲባል፣ ዳንግላም ሆነ እንጅባራ ላይ መጀመሪያ የምትሰሙት ጥያቄ አንድ ነው፤ «በስንት ሰዓት ነው?» መልሱ ብዙ ጊዜ ደስ አይልም። ቦነስ አይረስ ላይ ማታ 9፡30 የሚጀመር ጨዋታ እኛ ዘንድ ሌሊት 9፡30 ነው። ቁጥሩ አንድ ዓይነት የሆነው ተሳስቼ አይደለም። ቦነስ አይረስም ሆነ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ከእኛ በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። እኛ ደግሞ ቀኑን መቁጠር የምንጀምረው ሲነጋ ስለሆነ ሰዓታችን ከሌላው ዓለም አቆጣጠር በ6 ይለያል። ሁለቱ ስድስቶች ይጣፋሉና እነሱ 9፡30 ሲሉ እኛም 9፡30 እንላለን። ልዩነቱ እነሱ ራታቸውን በልተው ስታዲየም ሲገቡ እኛ ጋቢ ተከናንበን ቴሌቪዥን ፊት መቀመጣችን ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የሚመጣው እንቅልፍ ዓይንን መጫን ሲጀምር ነው። ዋንጫ የለው፣ ነጥብ የለው፣ ለምንድን ነው የሚጫወቱት? እኛስ ለምንድን ነው የምንነሣው?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። አዊ ውስጥ ላደገ ሰው ግን መልሱ ሩቅ አይሆንም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር ሽምጥ ግልቢያውን፣ ስግሪያውንና ጉግሱን አይታችሁ ይሆናል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን የሚዘክረው በዓድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን ነው። ጉግስ ላይ አንዱ ጋሻውን ይዞ ይሸሻል፤ ሌላው ዘንጉን ይዞ ያሳድዳል። እንቅስቃሴው ሁሉ የጦርነት ነው፤ ሲያልቅ ግን ሁለቱም ቤታቸው ይገባሉ። ጠብ የሚመስል ግን ጠብ ያልሆነ ነገር በየዓመቱ በቀኑ መደገሙ ራሱ ሥራ አለው። የደቡብ አሜሪካ ሰዎች በኳስ የሠሩት ከዚህ ብዙም አይርቅም። (ከዚህ በኋላ የኢትዮጵያን ታሪክ በእኛ አቆጣጠር፣ የሌላውን እ.ኤ.አ. እያልኩ እቀጥላለሁ።)

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ብራዚልና አርጀንቲና በባሕር ኃይል ይፎካከሩ ነበር። ብራዚል በእንግሊዝ የመርከብ ፋብሪካዎች ያሠራቻቸውን «ሚናስ ጄራይስ» እና «ሳኦ ፓውሎ» የተባሉ ግዙፍ የጦር መርከቦች እ.ኤ.አ. በ1910 ተረከበች። አርጀንቲና ዝም አላለችም፤ «ሪቫዳቪያ» እና «ሞሬኖ» የተባሉ ሁለት መርከቦችን አሜሪካ አሠራች። ለእነዚህ መርከቦች የወጣው ገንዘብ ምን ያህል ትምህርት ቤትና ባቡር ይሠራ እንደነበር አስቡት። በዚህ መሀል የቀድሞው የአርጀንቲና ፕሬዚዳንት ሁሊዮ ሮካ የሁለቱ አገሮች ቡድኖች የሚፎካከሩበት ዋንጫ ሰጡ። እ.ኤ.አ. መስከረም 20 ቀን 1914 ቦነስ አይረስ ላይ አርጀንቲና 3 ለ 0 አሸነፈች፤ ያ ግን ለወዳጅነት ብቻ ነበር። ከሳምንት በኋላ በተደረገው የዋንጫ ጨዋታ ብራዚል 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። «የሮካ ዋንጫ» የተባለው ይህ ውድድር አንዳንዴ ለዓመታት እየተቋረጠ እስከ 1976 ድረስ ዘለቀ፤ በ2011 ደግሞ በሌላ ስም ተመልሶ መጣ።

እዚህ ላይ ኳስ ወዳጅነት ያመጣል ብዬ ልቋጨው እችል ነበር፤ ግን ውሸት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1945 ሪዮ ላይ በተደረገ የሮካ ዋንጫ ጨዋታ ብራዚል 6 ለ 2 ስታሸንፍ አንድ አርጀንቲናዊ ተጫዋች እግሩ ተሰበረ። ከሁለት ወር በኋላ በደቡብ አሜሪካ ሻምፒዮና ቦነስ አይረስ ላይ ሲገናኙ ሌላ አርጀንቲናዊ፣ አምበሉ ሳሎሞን፣ እግሩ ተሰበረ። ተመልካች ሜዳ ገባ፤ ፖሊስ ገባ፤ ድብድብ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቡድኖች ለአሥር ዓመት ያህል፣ እስከ 1956፣ አልተጫወቱም። አርጀንቲና ብራዚል ባዘጋጀችው የ1950 የዓለም ዋንጫ ላይም አልተሳተፈችም። እና ስሙ «ወዳጅነት» ስለሆነ ብቻ የሚያስታርቅ አድርጋችሁ አትውሰዱት። ቁስሉን የጀመረው ራሱ የወዳጅነት ዋንጫው ነበር።

ታሪኩ እኛ ሰፈር የሚገባው ቀጥሎ ነው።

ፓራና የሚባለው ወንዝ ከብራዚል ይነሣል፤ ብራዚልንና ፓራጓይን ያዋስናል፤ ከዚያ ወደ አርጀንቲና ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1973 ብራዚልና ፓራጓይ ኢታይፑ የተባለውን ግድብ ለመሥራት ሲፈራረሙ የታችኛዋ አገር አርጀንቲና ተቆጣች። እኔን ሳታማክሩ እንዴት አለች። ጉዳዩን ተባበሩት መንግሥታት ድረስ ወሰደችው። የላይኛዋ ብራዚል ደግሞ ሥራዬን ማንም አያስቆመኝም አለች። ይህን ክርክር የት ነው የሰማሁት እያላችሁ ከሆነ አትፈረዱም፤ ከእንጅባራ ወደ ምዕራብ ተገንጥሎ በቻግኒ፣ በግልገል በለስና በማንቡክ አድርጎ ወደ ጉባ የሚወርደው መንገድ መጨረሻ ላይ ያለው ግድብ ታሪክ ነው። ለዓመታት ሲሚንቶና ብረት የጫኑ መኪኖች በከተማችሁ ሲያልፉ አይታችኋል።

እነሱ ግን ጠቡ ሲጋጋልም ኳሱን አላቆሙም። የመጨረሻው የሮካ ዋንጫ የተደረገው በዚሁ ክርክር መሀል፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ነበር። ሰኔ 18 ቀን 1978 ደግሞ በዓለም ዋንጫው ሮዛሪዮ ከተማ ላይ ተገናኙ። ሮዛሪዮ ያለችው ፓራና ወንዝ ዳር ነው፤ ብራዚል የምትገድበው ውኃ የሚያልፈው በእሷ በኩል ነው። ጨዋታው በጥፋትና በመካረር የተሞላ ሆኖ 0 ለ 0 አለቀ። ከ16 ወር በኋላ፣ ጥቅምት 19 ቀን 1979፣ ብራዚል፣ አርጀንቲናና ፓራጓይ የሦስትዮሽ ስምምነት ፈረሙ። ስምምነቱ የኢታይፑ ተርባይኖች በአንድ ጊዜ ስንት ሆነው እንደሚሠሩ፣ ውኃው ወደ ታች ሲለቀቅ የወንዙ ከፍታ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል፣ አርጀንቲና ከታች ልትሠራው ያሰበችው ግድብ ምን ያህል ከፍ እንደሚል በቁጥር የወሰነ ነበር። ኢታይፑ እ.ኤ.አ. በ1984 ኃይል ማመንጨት ጀመረ፤ ዛሬ አቅሙ 14,000 ሜጋ ዋት ነው። የእኛው 5,150 ነው።

ስምምነቱን ያመጣው ኳሱ ነው? አይደለም። ያመጡት መሐንዲሶችና ዲፕሎማቶች፣ የነዳጅ ዋጋና የወታደራዊ መንግሥታት ስሌት ናቸው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ቦታ ቀይረው መራራቅ የማይችሉ ጎረቤቶች በየጊዜው የሚገናኙበት የታወቀ ልማድ ሲኖራቸው፣ ትልቁ ጠብ ሲመጣ ፊት ለፊት መቀመጥ አዲስ ነገር አይሆንባቸውም።

የእኛስ? ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ይህ ነው፦ የአፍሪካ እግር ኳስ የተወለደው ዓባይ ላይ ነው ማለት ይቻላል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ካርቱም ላይ የተመሠረተው የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. ሲሆን መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ብላ ከውድድሩ ወጣች። የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ የተጫወቱት የቀሩት ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም የዓባይን ውኃ የሚጋሩ። ከደቡብ አፍሪካ ጋር ተመድባ የነበረችው ኢትዮጵያ ሳትጫወት ፍጻሜ ደረሰች። እዚያም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ አራቱንም ያገባው አድ-ዲባ ነው።

ሁለተኛው ዋንጫ የተደረገው ካይሮ ላይ ነው፤ አሁንም ሦስቱ ብቻ። ግንቦት 14 ቀን 1951 ዓ.ም. ግብፅ ኢትዮጵያን እንደገና 4 ለ 0 አሸነፈች። ከሦስት ቀን በኋላ ሱዳን 1 ለ 0 አሸነፈችን። በዚያው ዓመት ሰኔ 21 ቀን እዚያው ካይሮ ላይ አቡነ ባስልዮስ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። ከዚያ፣ ጥቅምት 28 ቀን 1952 ዓ.ም. ግብፅና ሱዳን የዓባይን ውኃ ለሁለት ተከፋፈሉ፦ 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ለግብፅ፣ 18.5 ቢሊዮን ለሱዳን፣ የቀረው 10 ቢሊዮን አስዋን ላይ ለሚተነው። ድምሩ 84 ነው። አስዋን ከሚደርሰው ውኃ 85 በመቶ ገደማውን የምታዋጣው ኢትዮጵያ እንኳን ድርሻ፣ ወንበርም አልነበራትም። በግንቦት ለሦስት የተጫወቱ አገሮች በጥቅምት ለሁለት ተፈራረሙ። የግልገል ዓባይን መነሻ በቅርብ ለሚያውቅ የአዊ ሰው ይህ ቁጥር የሂሳብ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። ሦስተኛው ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ተዘጋጀ፤ ለፍጻሜ የደረሱት ኢትዮጵያና ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ናቸው። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ አቻ አደረገች። መደበኛው ጊዜ 2 ለ 2 አልቆ በተጨማሪው ሰዓት ኢትዮጵያ ሁለት ጨመረች፤ 4 ለ 2። ኤርትራ የተወለዱት ወንድማማቾች ሉቺያኖና ኢታሎ ቫሳሎ ሁለቱም አገቡ፤ ግርማ ተክሌ አገባ፤ የመጨረሻዋን መንግሥቱ ወርቁ። ቡድኑን ያሠለጠኑት ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ ኋላ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ሕይወታቸው እስኪያልፍ የአፍሪካን እግር ኳስ የመሩት። አምበሉ ሉቺያኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ዋንጫውን አላገኘችም።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ረጅም ዘመን እዘለዋለሁ፤ ብዙ ሽንፈት አለበት። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ላይ ግን ቁሙ። ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈች፤ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። የሕዳሴው ግድብ መሞላት የጀመረበት፣ ንግግሩ የተካረረበት ጊዜ ስለነበር ደስታው ከኳስ በላይ ሆነ። እኔ ግን የማስታውሰው ሁለት ሌሎች ነገሮችን ነው። አንደኛ፣ ሽመልስ ለዓመታት እንጀራውን የበላው በግብፅ ክለቦች ነው። ሳላዲን ሰዒድም ከዚያ በፊት ለዋዲ ደግላና ለአል አህሊ ተጫውቷል። መንግሥታቱ ሲነታረኩ ተጫዋቾቹ ካይሮ ላይ ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ሁለተኛ፣ ጨዋታው የእኛ «የሜዳ» ጨዋታ ሆኖ ሳለ የተደረገው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው፤ የአገራችን ስታዲየሞች የኮንፌዴሬሽኑን መስፈርት አላሟሉምና።

ነሐሴ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ካይሮ ላይ ተገናኝተን 2 ለ 0 ተሸነፍን። ከአራት ቀን በኋላ፣ ጳጉሜን 4 ቀን፣ ግድቡ ጉባ ላይ ተመረቀ። ቀኖቹ የተቀራረቡት በአጋጣሚ ነው፤ ሁለቱን ቀን ያገናኘው የማጣሪያ ዕጣ ነው እንጂ ማንም ሰው አይደለም። ከደቡብ አሜሪካኖቹ የምንለየውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። እነሱ ዕጣ ባያገናኛቸውም ተጠራርተው ይገናኛሉ። እኛና ግብፅ ይህን ታሪክ የሠራንባቸውን ጨዋታዎች ሁሉ የተጫወትነው ውድድር አስገድዶን ነው።

ንጽጽሩን ግን አትለጥጡት። ፓራና ዝናብ በሚበዛበት አገር የሚሄድ ወንዝ ነው፤ አርጀንቲና የምትፈራው ለኃይል ማመንጫዋና ለወንዙ ከፍታ ነበር። ግብፅ በረሃ ናት፤ የምትጠጣውም የምታርሰውም ከዚያው አንድ ወንዝ ነው። የላይኛው መብት እውነት ነው፤ የታችኛው ፍርሃትም እውነት ነው። ኢታይፑን የፈታው ቀመር እንዳለ ተገልብጦ ጉባ ላይ አይሠራም።

የወዳጅነት ጨዋታ ግን ቀመር አይፈልግም፤ ሜዳ ነው የሚፈልገው። ባሕር ዳር ላይ አንድ ስታዲየም አለ፤ ዓባይ ከጣና የሚወጣው እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። በ2012 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ያሸነፈው እዚያ ነበር። አንድ ቀን ግብፅ ተጋብዛ እዚያ ብትጫወት የዳንግላ ሰው ሌሊት 9፡30 መነሣት አያስፈልገውም። «በስንት ሰዓት ነው?» የሚለውም ይቀርና ጠዋት መናኸሪያ ላይ የሚጠየቀው «ቦታ አለ ወይ?» ይሆናል።